ጨው በቁንጥር

ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ ሜዳው ከሚጀምርበት፣
ብሎክ ሃያ ሦስት፣ ምድር ላይ ነው የኛ ቤት፤
የኔና የሃምሳ አለቃ ወንድይፍራው በር
በአንድ ኮሪደር ሲፋጠጥ የሚያድር።
ውኃ በሳምንት ሁለቴ፣ መብራት እንዳመሉ፤
ግድግዳው ወረቀት፣ ሳሉም ሳቁም ለሁሉ።

ያስተዋወቀን ያረረ ምስር ነው።
ከቂሊንጦ፣ ከስፌት ፈረቃ ገብቼ ስጥደው፣
እንቅልፍ ሰረቀኝ፤ ጭሱ ነው የጠራው።
በሩን በጭልፋ መታ። ሰላምታም አልቀደመው፦
«እንዳታማስዪው! ማንኪያሽን ጣይው!
ካረረ ድስት ጋር ክርክር አይገጠምም፤
ላዩን ቀስ ብለሽ ቅጂው፣ ታቹ አይነካም።
አንዴ ከነካሽው ለመላው ድስት ያወራል፤
ወሬም እንደ ቃጠሎ ከሥር ነው የሚጀምር።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጦር ሰፈር ወጥ ቤት፣
ጠመንጃው ጭልፋ፣ ምሽጉ የበርሜል ድስት፤
ሽሮ የሚያማስለው በአካፋ እጀታ፣
በሁለት መቶ አፍ ፊት፣ ጠዋትና ማታ።
ጡረታ ሲወጣ ያመጣው አንዲት ቢላ፤
በተገለበጠ ሲኒ ቂጥ ይስላታል፣
ሞረድ አያውቅም ሌላ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በሬን ገርበብ አድርጌ
ድምፁ ይደርሰኛል፣ ከምድጃው እስከ ምድጃዬ፦

«ሽንኩርቱን በደረቁ፤ ዘይት አታስቀድሚ፣
ጩኸቱ እስኪበርድ ካጠገቡ ቁሚ።
ሽሮው እንዳይጓጉል በቀዝቃዛ በጥብጪ፤
እንቁላል ከተንሳፈፈ፣ ሳትሰብሪ አውጪ።
ወተት ስታፈዪ ድስቱን ውኃ አስነኪ፤
ዝንጅብል በማንኪያ ፋቂ፣ በቢላ አትንኪ።
ጎመን ጨው ባለው ውኃ፤ ትሉ ሞኝ ነው፣ ይወጣል።
ነጭ ሽንኩርት ለብ ባለ ውኃ፤ ልብሱን ራሱ ያወልቃል።
ጨው ከበዛብሽ ደግሞ፣ አትደንግጪ፣
ድንች ለሁለት ሰንጥቀሽ ክተቺ፤ ይጠጣዋል።»

«ጨው ስንት ነው?» አልኩት አንድ ቀን። «ሦስት ጣሳ»
አለኝ ኮስተር ብሎ፣ ቁጥሩን ሳይረሳ።
ስልኬን አወጣሁ፤ ሦስትን ለሁለት መቶ አካፈልኩ፦
ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ አምስት ጣሳ። ሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም።
ለካ ለዚህ ነው የጥበቃዎቹ ሰሃን የማይጎድል፣
ለዚህ ነው ሲመሽ የሦስተኛ ፎቅ ልጆች በሩን የማይለቁት፣
ለዚህ ነው የእሁዱ ምስር እስከ ሐሙስ የሚዘልቅ።
ለአንድ ሰው መሥራት ማንም አላሳየውም።
«አግብቼ ነበር» አለኝ። «‹ይሄ ሁሉ ለማን ነው?› አለች።
መልስ ሳጣ፣
ድስቱን ትታልኝ ሄደች።»

ነሐሴ ላይ፣ ጭቃው ታክሲውን ከአስፋልት ሲያስቀረው፣
ሦስት ቀን ጭልፋ አልሰማሁም፤ ኮሪደሩ ምንም አይሸት።
በሩን በጭልፋ መታሁ፤ ተራው የኔ ነበረ።
ብርድ መትቶት ተኝቷል፣ በወታደር ብርድ ልብስ ተጠቅሎ፤
ምድጃው ላይ ያ ትልቁ ድስት፣ ባዶውን፣ አፉን ከፍቶ።

በኔ ትንሿ ድስት የገብስ ሾርባ ጣድኩ።
ሽንኩርቱን በደረቁ። ጩኸቱ እስኪበርድ ቆምኩ።
አንድ ማንኪያ ወሰደ። ጣሪያውን አየ። ዋጠ።
«ጨው ጎሎታል» አለና
እጁን ጨው ዕቃው ውስጥ ሰደደ፣ ጭብጡን ሞልቶ ዘገነ፣
አንድ ሻለቃ እንደሚያበላ።

አንጓውን ያዝኩት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፤
ጨዉ ብርድ ልብሱ ላይ ረገፈ፣ ግማሹም ሾርባው ውስጥ።
ሦስት ጣት ብቻ ተውኩለት፦
አውራውን፣ ሌባውን፣ መሃሉን።
«እንዲህ» አልኩት። «ቁንጥር ይባላል።»
«ቁንጥር» አለ፣ ምልምል ትእዛዝ እንደሚደግም።

ሌላ ሰሃን አመጣሁ፤ አብረን ቀመስን።
ምላሳችን ተሳሰረ። ጨው ብቻ!
ሳቀ፣ እስኪያስለው፤ ግድግዳው ለሁሉ አወራ።
«ድንች አለሽ?» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ፣
«ለሁለት ነው።
ለሁለት ሰንጥቂው።»